ነጥብና መስመር፦ የጥንድነት ሕግ ታሪክ

ከሶፊ ገጠር ተነሥቶ ወደ ሐረር ገበያ የሚዘልቅ መንገደኛ ጀጎልን የሚያውቀው በበሮቹ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። አንድ የሶፊ መምህር አምስቱን በሮች በሰሌዳ ላይ በነጥብ ቢያመለክትና እያንዳንዱን ነጥብ ከሌሎቹ ጋር በቀጥታ መስመር ቢያገናኝ፣ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ እስካልዋሉ ድረስ 10 መስመሮች ያገኛል። ነገሩን ገልብጦ አምስት መስመሮች ቢያሰምር ደግሞ፣ ሦስቱ በአንድ ነጥብ እስካልተገናኙ ድረስ 10 የመገናኛ ነጥቦች ያገኛል። ትይዩ መስመሮችም በማይደረስበት ርቀት ላይ ይገናኛሉ ተብሎ ይታሰባል። ይህ አጋጣሚ ሳይሆን ሕግ መሆኑን ለመረዳት የሰው ልጅ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1640 የ16 ዓመቱ ፈረንሳዊ ብሌዝ ፓስካል፣ በክብ ወይም በሞላላ ውስጥ የተሣለ ባለስድስት ጎን ቅርጽ ትይዩ የቆሙ ጎኖቹ ቢራዘሙ የሚገናኙባቸው ሦስት ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ እንደሚውሉ አስታወቀ። በ1806 ደግሞ ብሪያንሾን፣ ክቡን ከውጭ የሚያቅፍ ባለስድስት ጎን ቅርጽ ተቃራኒ ማዕዘኖቹን የሚያገናኙ ሦስት መስመሮች በአንድ ነጥብ እንደሚያልፉ አረጋገጠ። በአንደኛው «ነጥብ» የተባለው በሁለተኛው «መስመር» ሆኗል። ጥንዶቹ እስኪገናኙ 166 ዓመታት አለፉ።

የናፖሊዮን ጦር መኰንን የነበረው ዣን ቪክቶር ፖንስሌ በ1812 በሩሲያ ተማርኮ በሳራቶቭ ታሰረ። መጽሐፍ በሌለበት እስር ቤት ትምህርቱን ከትዝታው እየመዘዘ አዲስ ጂኦሜትሪ አነጸ፤ ሥራውም በ1822 ታተመ። እርሱ እያንዳንዱን ነጥብ ከአንድ መስመር ጋር የሚያጣምረው በአንድ ክብ ወይም ሞላላ አማካይነት ነበር። ጆሴፍ ዤርጎን ግን በ1826፣ ጥንድነት የማንም ቅርጽ ጥገኛ ያልሆነ የጂኦሜትሪ የራሱ ሕግ ነው አለ። ቲዎረሞቹንም በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ «ግኝቱ የኔ ነው» በሚል መራራ ክርክር ገጠሙ።

ዤርጎን በሕጉ ስፋት ትክክል ነበር፤ በጥምዝ መስመሮች ላይ ግን ተሳሳተ። የአንድ ጥምዝ ጥንድ እንደ ራሱ ያለ ደረጃ አለው ብሎ ጻፈ። ፖንስሌ ስሕተቱን አሳየ፤ ዤርጎንም አርሞ «መደብ» የሚል አዲስ ስያሜ አስገባ። ሆኖም እርምቱ ራሱ እንቆቅልሽ ወለደ። ቀጥታ መስመር ቢበዛ በ3 ቦታ የሚቆርጠው ለስላሳ ጥምዝ ጥንዱ ደረጃው 6 ነው። በተለመደው ስሌት የዚህ ጥንድ ጥንድ 30 መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር ወደ መነሻው፣ ወደ 3፣ መመለስ አለበት። የቀረው 27 የት ገባ?

መልሱን በ1830ዎቹ የሰጠው ጀርመናዊው ዩሊየስ ፕሉከር ነው። የመጀመሪያው ጥምዝ፣ በሐሳባዊ ቁጥሮች የሚገኙት ሁሉ ሲቈጠሩ፣ ጕብጠቱን የሚለውጥባቸው 9 ቦታዎች አሉት። እነዚህ በጥንዱ ላይ 9 ሹል ነጥቦች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ከስሌቱ 3 ይቀንሳል። 9 ጊዜ 3፣ 27! ሒሳቡ ተዘጋ። ፕሉከር መስመርንም እንደ ነጥብ በቁጥሮች መግለጽ እንደሚቻል ስላሳየ፣ ሁለቱ በአንድ እኩልታ ውስጥ እኩል ባለመብት ሆኑ።

በቅኔያችን ሰም ወርቁን ይሸፍናል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይገለጣል። በጥንድነት ሕግ ግን የሚቀልጥ ሰም የለም፤ ሁለቱም ዓምዶች ወርቅ ናቸው። ፖንስሌና ዤርጎን እያንዳንዳቸው አንዱን ዓምድ ይዘው ሌላውን ሰም ለማድረግ ታገሉ። ታሪክ ግን የአንዱን ጥልቀትና የሌላውን ስፋት፣ ስሕተቱንም ጭምር፣ ለአንድ እውነት መሥሪያ አዋለው። መምህርም ሆነ ከያኒ ከዚህ የሚቀስመው ትምህርት አለ፦ የያዝነው እውነት ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ሳንፈትን፣ ሙሉውን አገኘን አንበል። የሶፊው መምህር በሮቹን በነጥብ ካመለከተ በኋላ ሰሌዳውን ለማጥፋት አይቸኩል፤ ግማሹ ትምህርት ገና አልተጻፈም።