እንግዳና ባልደረባው፦ ከውጭ አገር የሚመጡ ተናጋሪዎችን የማስተናገድ ልማዳችን ከመንዝ ሲታይ

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጁ ብዙ ከሚያደክሟቸው ጉዳዮች አንዱ ከውጭ አገር የሚጋበዝ ተናጋሪ ነው። የጥሪ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የመግቢያ ቪዛ ይጠየቃል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱና የሆቴሉ ወጪ ከየትኛው በጀት እንደሚሸፈን ስብሰባ ይደረጋል፤ የእንግዳው ስም የተጻፈበት ጨርቅ በአዳራሹ በር ላይ ይሰቀላል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ግን ንግግሩ በማን ጆሮ እንደሚገባ፣ ከአዳራሹም ወጥቶ እስከ የት እንደሚደርስ የሚጠየቅ ኃላፊ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ ተገኝቶ እንደታዘበው፣ እንግዳው ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ትርጉም ተናገሩ፤ ተሰብሳቢው በአክብሮት አዳመጠ፤ አጨበጨበ፤ ለምሳም ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ንግግሩ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ይህ ኃላፊነት በታሪካችን ውስጥ ስምም ባለቤትም ነበረው። ስሙ ባልደረባ ይባላል። በዛሬው አማርኛ ቃሉ የሥራ ጓደኛን ብቻ የሚያመለክት ሆኖ ቀርቷል። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት ግን ባልደረባ ማለት ለባለጉዳይ ወይም ለእንግዳ ተመድቦ ቃሉን ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ የጌታውንም ቃል ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰው ነበር። እንግዳው ቢበደል ባልደረባው ይጠየቃል፤ እንግዳው ቢያጠፋም የሚጠየቀው እርሱ ነው። ከባልደረባ ጋር አብሮ የሚሄደው ድርጎ ሲሆን፣ ይኸውም ከቤተ መንግሥት ለእንግዳው በየዕለቱ የሚቆረጥለት እንጀራ፣ ወጥ፣ ጠጅና የመሳሰለው ቀለብ ነው። ዛሬ የውሎ አበል የምንለው ነገር የድርጎ ዘመድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ባልደረባው ግን ተተኪ አላገኘም።

ይህ ሥርዓት ፍጹም ነበር ለማለት አይደለም። ፔሮ ዳ ኮቪሊያን የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ በዐፄ እስክንድር ዘመን ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ርስትና ትዳር ተሰጥቶት በክብር ቢኖርም፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ግን አልተፈቀደለትም። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሲደርሱ እዚሁ አግኝተውታል። ድርጎ የበላ እንግዳ ያለ ፈቃድ አይወጣም ነበርና መስተንግዶው ጥበቃም ጭምር ነበር። ባልደረባውም አገልጋይ ብቻ ሳይሆን ዘበኛ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ልማዱ በሰፊው ተጽፎ የምናገኘው በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። የሸዋ ነገሥታት ሥረ መሠረት መንዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ የጀመረው አገዛዝ በትውልዱ እጅ ወደ ይፋትና ወደ ተጉለት እየሰፋ ሄዶ፣ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በአንኮበርና በአንጎለላ ተቀምጦ ገዝቷል። በእርሱ ዘመን እንግዶች በተከታታይ መጡ። የወንጌል መልእክተኞቹ ኢዘንበርግና ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ገቡ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ ሻለቃ ኮርንዎሊስ ሐሪስ ከቦምቤይ የተላከውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ መርቶ፣ ሐኪም፣ የተፈጥሮ ተመራማሪና ሠዓሊ አስከትሎ በታጁራ በኩል ደረሰ።

የሐሪስ ጓድ ወደ ንጉሡ የቀረበው ወዲያው አልነበረም። በይፋት ጠረፍ አስተዳዳሪው ወላስማ መሐመድ አዘገየው፤ በዓሊዩ አምባም ፈቃድ እስኪመጣ ተቀመጠ። ሻለቃው በዚህ እጅግ ተማርሮ ጽፏል። ከባለቤቱ ወገን ሲታይ ግን ይህ መቆየት ትርጉም ነበረው፤ እንግዳው ማን ነው፣ ምን ይዞአል፣ ምንስ ይፈልጋል የሚለው ተጣርቶ ለንጉሡ እንዲደርስ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ዛሬ አንድ ተናጋሪ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ጧት በመድረክ ላይ ይቆማል። ስለ አድማጮቹ የሚያውቀው በጥሪ ደብዳቤው ላይ ያነበበውን ያህል ነው፤ ከወላስማ መሐመድ ማዘግየትና ከዛሬው ጥድፊያ የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ አንባቢ ይፍረድ።

በሣህለ ሥላሴ ግቢ ከተደረገው ሁሉ ለትምህርት ሰው የሚጠቅመው አንድ ጉዳይ አለ። ክራፕፍ ትምህርት ቤት ለማቋቋም አሳብ ባቀረበ ጊዜ ንጉሡ የመንፈሳዊ መምህራን እጥረት እንደሌለበት፣ የሚፈልገው ሐኪም፣ ግንበኛና አንጥረኛ የመሳሰሉትን ባለ እጆች መሆኑን እንደገለጸለት ክራፕፍ ራሱ መዝግቧል። ንጉሡ እንግዳውን ያከብራል፤ ድርጎውን አያጎድልበትም፤ ከእንግዳው የሚፈልገውን ነገር ግን ራሱ ይወስናል። ይህን የመሰለ ግልጽ ጥያቄ ለእንግዳ ማቅረብ ዛሬ በብዙ መድረኮቻችን የጠፋ ነገር ነው። እንግዳው ርእሱን ይመርጣል፤ እኛ ወንበሩን እንደረድራለን።

የአንጎለላው ግንኙነት ፍሬ ግን የታሰበውን ያህል አልሆነም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈረመ፤ ውሉም በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ክራፕፍ አማርኛ ያውቅ ስለነበረ በሐሪስና በንጉሡ መካከል በአስተርጓሚነት አገለገለ፤ ይኸውም አንዱ እንግዳ ለሌላው እንግዳ ባልደረባ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ለመመለስ ሲሞክር በሩ ተዘጋበት። ሐሪስ ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1844 ስለ ሸዋ በሦስት ቅጽ የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተመ። የለንደን አንባቢ የአንኮበርን ግቢ ልማድ በዝርዝር ሲያውቅ፣ የአንኮበር ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ይህ ጉድለት፣ ማለትም እንግዳው ያየውን ይዞ መሄዱና ለባለቤቱ አለመመለሱ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተከትሎናል።

ከአንኮበር ግቢ ወደ ዘመናዊው የጉባኤ አዳራሽ ስንሻገር በመካከሉ ያለውን ዘመን በዝርዝር ማውሳት አያስፈልግም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ከተቋቋመና የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተመረቀ በኋላ አገራችን የጉባኤ አገር ሆነች። ለትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዩኔስኮና የኤኮኖሚ ኮሚሽኑ የጠሩት የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ልማት ጉባኤ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1980 ድረስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ ዕቅድ የወጣው በዚሁ ጉባኤ ነው። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ባለቤት ነበረች፤ እንግዶቹም ብዙዎቹ ከቅኝ ግዛት ገና የወጡ ወይም ለመውጣት የተቃረቡ አገሮች ልጆች ነበሩ። ነገር ግን የየአገሩ አኃዝ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ባለቤቲቱ በመጀመሪያና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስርጭት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘች፤ ለትምህርት ከደረሱት ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዳ ለባለቤት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህን የመሰለ መስተዋት ነው። በዚያ ዓመት መስተዋቱን ያየው ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሹም እንጂ በገጠር ያለው መምህር አልነበረም።

በ1955 ዓ.ም. የተፈጸሙ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በግንቦት የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። በሐምሌ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ተደረገ። የማንችስተሩ ጉባኤ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ሲታተሙ ከመካከላቸው አንዱ ስለ መንዝ ታሪክና ባህል የሚናገር ነበር። ጸሐፊው ዶናልድ ሌቪን ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከመንዝ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ያጠናና በኋላም «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ አማራው ባህል የጻፈ፣ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ በሚል ስምም የሚታወቅ ምሁር ነው። መንዝ ተጋባዡን ጠላና ቆሎ አቅርባ ተቀበለች፤ ስለ እርሷ የተነገረው ንግግር ግን የተደመጠው በማንችስተር ነው። ሌቪንን ለመውቀስ አይደለም፤ የምሁር መድረክ የት እንደነበረ ለማመልከት ነው።

ያ መድረክ ቀስ በቀስ ወደ አገራችን ቀርቧል። የመጀመሪያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም፣ ሁለተኛው እንደተባለው በማንችስተር ከተደረጉ በኋላ፣ ሦስተኛው በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ይመራ ነበር። ፓንክረስት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 እንግዳ ሆኖ መጥቶ ለሌሎች እንግዶች ባልደረባ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞትም በአዲስ አበባ የተቀበረ ሰው ነው። ስምንተኛው ጉባኤ በ1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ አገሪቱ በከባድ ረኀብ ውስጥ ነበረች። ጉባኤው ከዋና ከተማይቱ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠው በ2005 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በመቀሌ ተደግሟል። ከሮም እስከ ድሬዳዋ ከ50 ዓመት በላይ ወስዷል ማለት ነው።

እስከ አሁን ያየነው ንግግሩ ለባለቤቱ ሳይደርስ መቅረቱን ነው። አለመድረሱ ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ግን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ታሪክ ነው። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ሲካሄድ ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመጡ አማካሪዎች ተካፍለውበታል። በዓላማው ብዙ መልካም አሳብ እንደነበረው መካድ አይቻልም፤ የገጠሩን ልጅ ወደ ትምህርት ለማምጣት አስቦ ነበር። ነገር ግን በሥራ ላይ የሚያውሉት መምህራን በዝግጅቱ በሚገባ አልተማከሩም፤ ሰነዱም እስከ 1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። በመካከሉ ወሬ ሰነዱን ቀደመው። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ጥናቱ በሥራ ላይ እንዳይውል ነበር፤ መንግሥትም ጥናቱን ለማቆየት ተገደደ። የዚያ የካቲት ነውጥ ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ ጥናቱ ብቻውን አመጣው ማለት ስሕተት ይሆናል። በእንግዶቹ አሳብና በክፍሉ መምህር መካከል ቃል የሚያመላልስ ባልደረባ አለመኖሩ ግን በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ እንመለስ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኘው ይህች ከተማ ከውጭ እንግዳ የተገለለች አይደለችም። በአካባቢዋ የሚገኘው የጓሳ ምድር ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ የአገሩ ሰው ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቀው የኖረ ሥፍራ ነው። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ፤ በጓሳም ለእንግዳ የሚሆን የኅብረተሰቡ ማረፊያ ተሠርቷል። እንዲህ ከሆነ በመንዝ የሚያስተምር መምህር ተናጋሪ ለመጋበዝ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት ላያስፈልገው ይችላል፤ ስለ ጭላዳ ኑሮ የሚያጠናው እንግዳ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም። የጎደለው ባልደረባው ነው።

ስለዚህ ኮሌጆቻችን በመንዝና በመሰሎቹ ወረዳዎች ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ሲሠሩ የሚከተለውን መሞከር ይቻላል። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ መምህር በስም ይመደብ፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት። መምህሩ የንግግሩን ጽሑፍ አስቀድሞ ይቀበልና ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ የሥራ ጓደኞቹንና ተማሪዎቹን ጠይቆ ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ለእንግዳው ይላክ፤ እንግዳውም ንግግሩን በእነዚያ ጥያቄዎች ዙሪያ እንዲያዘጋጅ ይጠየቅ። ስለ ጓሳ የሚናገር እንግዳ ከሆነ የቄሮን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በአዳራሹ ይገኙ፤ እርሱ ሲጨርስ እነርሱ ይናገሩ፤ የእነርሱም ቃል ለእንግዳው ይተርጎምለት። ቀኑ በክረምት አይሁን፤ ከግሼ ራቤል የሚነሣው መምህር በጭቃና በጉም መጉላላት የለበትም። ለእንግዳው ማረፊያም የመንዝ ባና ይዘጋጅለት፤ ሌሊቱ ብርዳም ነውና በማግሥቱ ጧት ድምፁ ተዘግቶ እንዳይቀርብ። የንግግሩ የአማርኛ ቅጂና የሽማግሌዎቹ መልስ በአንድ ላይ ተጠርዞ አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በኮሌጁ የሥርዓተ ትምህርት ክፍል፣ ሦስተኛው በእንግዳው እጅ ይቀመጥ። የሚቀጥለው ባልደረባ ሲመደብ የመጀመሪያው ሥራው ያንን ጥራዝ ማንበብ ይሆናል።