ኩንታሉን ማን ይጭነዋል?
(ስለ ጭነት ታሪክና ስለ ጠፈር ንግድ አጭር ሐተታ)

እህል በረንዳ ላይ ቆሞ ስለ ጠፈር ጉዞ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ጤፍና ስንዴ በሚራገፍበት፣ ጫኝና አውራጁ «ዞር በል!» እያለ በሚያልፍበት ሠፈር መንኮራኩር ምን ጉዳይ አላት? ይሁን እንጂ የጠፈር ንግድ የወደፊት ዕድል የሚመረመርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው በመሠረቱ የጭነት ጥያቄ ነውና። ይኸውም፦ አንዱን ኩንታል ከዚህ እዚያ ለማድረስ ስንት ይፈጃል? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?

እስቲ ከራሳችን ታሪክ እንነሣ። ሲራራ ነጋዴው በበቅሎና በአህያ ወራት እየተጓዘ ያመላልስ የነበረው አሞሌ ጨው፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ነበር። እህል ግን ሩቅ አገር አይሄድም ነበር። ለምን ቢባል፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ኪራዩ ከእህሉ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ አውራጃ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ሌላው ሊራብ ይችል ነበር። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሳምንታት የሚወስደው የጅቡቲ መንገድ የጥቂት ቀናት ሆነ። ባቡሩን ያኖረው ግን የመኳንንቱ ሽርሽር ሳይሆን ቡናና ቆዳ ነው።

አውሮፕላኑም ቢሆን ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመበት ዳግላስ ሲ-47 ለጦርነት ጭነት የተሠራ ነበር። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዞ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ መካከሉ የዕቃ ቦታ ነው። እንግዲህ ሕጉ ይህ ይመስላል፦ መንገዱን ጭነት ይከፍተዋል፣ መንገደኛው በኋላ ይከተላል።

ታዲያ ጠፈርን በዚህ ሚዛን እንመዝናት። ስለ ጠፈር ንግድ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የሀብታሞች ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዴኒስ ቲቶ የተባለ አሜሪካዊ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደከፈለ ተነግሮለት በሩሲያ ሶዩዝ ወጣ። በዓመቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ደግሞ ሪቻርድ ብራንሰንና ጄፍ ቤዞስ በዘጠኝ ቀን ልዩነት በየራሳቸው ኩባንያ መንኮራኩር ሄዱ። የቤዞስ ጉዞ ደርሶ መልሱ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱም ምድርን አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሯትም። ዓለምን ጉድ ያሰኘ ነገር ነው፤ ነገር ግን ይህ የመኳንንቱ ሽርሽር እንጂ ባቡሩን የሚያኖረው ቡና አይደለም።

ቡናው ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ማመላለሻ በሚሠራበት ዘመን፣ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አንድ ኪሎ ዕቃ ወደ ምሕዋር ለማውጣት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ይገመት ነበር። በፋልከን 9 ሮኬት ግን ዋጋው ወደ 3 ሺህ ዶላር አካባቢ ወረደ። በእኛ ስፍር ስንናገረው፣ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የኩንታል ኪራይ 300 ሺህ ያህል ሆነ ማለት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱን ማንም የመኪና ሾፌር ይረዳዋል። አንድ አይሱዙ ከጎጃም እህል ጭኖ በመጣ ቁጥር መኪናው የሚጣል ቢሆን ኖሮ፣ የጤፍ ዋጋ የት በደረሰ! ሮኬት ግን ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሲጣል ኖረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የፋልከን 9 የታችኛው ክፍል ተመልሶ በእግሩ ቆመ፤ በ2017 አንዴ የበረረው እንደገና በረረ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩን የሞላው ሳተላይት ነው፤ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የምድር ፎቶግራፍ የሚሸጥ።

እኛስ የት ነን? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተመጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ኩንታል አትሞላም። ዋናው ጭነት የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ሲሆን የእኛዋ በትርፍ ቦታ ተሳፍራ ሄደች። አብዛኛውን ወጪም ቻይና ሸፈነች። ዓላማዋ እርሻን፣ ውሃንና አካባቢን ከላይ ማየት ነበር፤ መረጃዋም እንጦጦ ላይ እንዲደርስ ጣቢያ ተሠራ። ይህ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ባለ ጭነት መሆንና ባለ መኪና መሆን ለየቅል ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ምስክር ናት። ማሊንዲ አጠገብ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1988 ባሕር ላይ ከተከሉት መድረክ ሳተላይት ያመጥቁ ነበር። ለምድር ወገብ መቅረብ ነዳጅ ይቆጥባልና ቦታው የተመቸ ነው። ግን መድረኩ የጣሊያን፣ ሮኬቱ የአሜሪካ፣ የኬንያ ድርሻ ዳርቻው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ምድርን እንድትመለከት የተሠራችው ላንድሳት-1 የተመጠቀችው በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት ወሎ ሲራብ እሷ ሰማይ ላይ እየዞረች ነበር። ረሃቡን ለግቢው ያሳየው ግን ሳተላይት አይደለም፤ ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ናቸው። ሰብልን ከሰማይ እያየ ረሃብን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው የአሜሪካ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ እሱም ከ1977ቱ እልቂት በኋላ። ዓይን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ያየውን የሚናገር፣ የተነገረውን የሚሰማ ያስፈልጋል።

እህል በረንዳ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የደላላው ሀብት ጎተራ ሳይሆን ወሬ ነው፤ አርሲ ስንት ገባ፣ ጎጃም ዝናቡ እንዴት ነው የሚለው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የእህል ደላሎችን ሥራ ያጠኑት፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የምርት ገበያም ያቋቋሙት ይህን በመረዳት ነው። ዛሬ ደግሞ አዲስ ደላላ መጥቷል። ውጭ አገር ተቀምጦ፣ የሳተላይት ፎቶግራፍ ገዝቶ፣ ማሳው ሳይታጨድ ምርቱን ይገምታል። ገበሬው የራሱን ማሳ ወሬ ከሌላ ሰው በገንዘብ የሚገዛበት ቀን ሩቅ ነውን?

እንግዲህ የጠፈር ንግድ የወደፊት ዕድል ለእኛ «መቼ ነው የምንሳፈረው?» የሚል ጥያቄ አይደለም። ኪራዩ ከቀነሰ መንገደኛው በጊዜው ይሄዳል፤ የባቡሩም የአውሮፕላኑም ታሪክ ይህን ይላል። የአሁኑ ሥራ ከላይ የሚወርደውን ፎቶግራፍ አንብቦ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ተርጉሞ ገበሬውና ነጋዴው በአንድ ቀን እንዲሰሙት ማድረግ ነው። ይህ ሮኬት አይጠይቅም። የሒሳብ፣ የጂኦግራፊና የእርሻ ተማሪ ይጠይቃል። እሱ ደግሞ አለ፤ ይህን ወረቀት እያነበበ ነው።