ነዳጅ፣ ሥራና ምክር ቤት፦ የካቲት 1966 በአዲስ አበባና በለንደን



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ሳምንት ላይ ነው። የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በማግሥቱም ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በቦታቸው ተሾሙ። በዚያችው በየካቲት 21 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1974፣ የብሪታንያ ሕዝብ ድምፁን ሊሰጥ ወጣ፤ ከአራት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ሁለቱም አገሮች ዘውድ ነበራቸው፤ ሁለቱም ሁለት ምክር ቤቶች ነበሯቸው። ሁለቱም መንግሥታት የተንገዳገዱት የነዳጅ ዋጋ በናረበት በአንድ ክረምት፣ ለእኛ ግን በበጋችን፣ ነበር። የአንዱ ውድቀት በምርጫ ካርድ፣ የሌላው በጎዳናና በጦር ሰፈር ተወሰነ። ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔ የምከራከረው፣ ከብዙዎቹ ምክንያቶች መካከል አንዱ ከሚገባው በታች ተጠንቷል ብዬ ነው፤ እርሱም ስለ ዋጋና ስለ ሥራ የሚደረገው ክርክር በምክር ቤት ውስጥ ቦታ ማግኘቱና አለማግኘቱ ነው።

በቅድሚያ የጋራውን መነሻ እንመልከት። በመስከረም 1966 መጨረሻ ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ። የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ምርታቸውን ቀነሱ፤ ለአንዳንድ አገሮች መሸጥም አቆሙ። ከጦርነቱ በፊት 3 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው በርሜል ድፍድፍ ዘይት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ከ11 ዶላር በላይ ሆነ። ኢትዮጵያ በሶቭየት ኅብረት ብድር የተሠራ ማጣሪያ በአሰብ ነበራት፤ የሚጣራው ድፍድፍ ግን ከውጭ የሚገዛ ነበር። ብሪታንያም የሰሜን ባሕር ዘይቷን ገና ማውጣት አልጀመረችም። ስለዚህ ዋጋውን የወሰኑት አዲስ አበባም ለንደንም አይደሉም። የትኛውም ፓርላማ በድምፅ ብልጫ በርሜል ማርከስ አይችልም። በፓርላማ እጅ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ሸክሙን ማን ይሸከም? ለምንስ እርሱ? ይህንንስ ፊት ለፊት ቀርቦ የሚያስረዳው ማን ነው?

ከለንደን እንጀምር። የብሪታንያ የማዕድን ሠራተኞች የዘይት መወደድ የድንጋይ ከሰልን ዋጋ ከፍ እንዳደረገው ተረድተው ነበር። በኅዳር 1966 መጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ወዲያው፣ በኅዳር 4 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዐወጀ። በታኅሣሥ 4 ቀን ሂዝ በምክር ቤት ቀርበው፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ አብዛኞቹ ፋብሪካዎችና ንግድ ቤቶች በሳምንት ለሦስት ቀን ብቻ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኙ አስታወቁ። የቴሌቪዥን ሥርጭት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲያበቃ ተደረገ። በጥር ወር አዲስ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ ከሚኒስትሮቹ አንዱ ፓትሪክ ጄንኪን ሕዝቡ ጥርሱን በጨለማ እንዲቦርሽ በሬዲዮ መከሩ፤ ብዙም ሳይቆይ የእርሳቸው ቤት መብራት ሲበራ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣ።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ያስቃል፤ ለታሪክ ተማሪ ግን ከሣቁ ይልቅ ከጀርባው ያለው ሥርዓት ይበልጣል። የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የሚሰጠው የ1920 እ.ኤ.አ. ሕግ ለመንግሥት ሰፊ እጅ ቢሰጥም፣ ሁለት ማሠሪያ ነበረው። አዋጁ ከአንድ ወር በላይ አይጸናም፤ እንዲቀጥል ከተፈለገ እንደ ገና መታወጅ አለበት። በአዋጁ መሠረት የሚወጡት ደንቦችም ሁለቱ ምክር ቤቶች በ7 ቀን ውስጥ ካላጸደቋቸው ይፈርሳሉ። ስለዚህ በዚያ ክረምት ሚኒስትሮቹ ቢወዱም ባይወዱም በየወሩ ወደ ምክር ቤት መምጣት ነበረባቸው። በዚያም ከከሰል ማውጫ አካባቢዎች የተመረጡ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ድጋፍ ወንበር ያገኙ አባላት ይጠብቋቸዋል። በሌላው ወገን ደግሞ በሦስት ቀን ሥራ ደመወዛቸው የተቆረጠባቸው የፋብሪካ ከተሞች ወኪሎች አሉ። የአንድ መንደር ጉድጓድና የአንድ ከተማ ፋብሪካ የአገር ጉዳይ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው፤ የአካባቢው ወኪል ስለ ሰፈሩ ሲናገር ፓርቲው ያንን ነገር ይዞ አገር አቀፍ አቋም ያደርገዋል።

ጥር 30 ቀን ሂዝ ምርጫ ጠሩ፤ ለሕዝቡ ያቀረቡትም ጥያቄ አገሪቱን የሚያስተዳድራት መንግሥት ነው ወይስ የሠራተኛ ማኅበር የሚል ነበር። መልሱ እርሳቸው እንዳሰቡት አልሆነም። ሌበር 301 ወንበር፣ ኮንሰርቫቲቭ 297 ወንበር አገኙ፤ ማንም ፍጹም ብልጫ አላገኘም። ሆኖም ጥያቄው ቢያንስ በግልጽ ቋንቋ ተጠየቀ፤ በቀኑም ተመለሰ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ፓርላማው ከጥቅምት 23 እስከ ሰኔ 1 ይሰበሰባል። ስለዚህ በየካቲት 1966 ምክር ቤቱ ክፍት ነበር፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትም በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ገና መመረጣቸው ነበር። ለውይይት የሚሆን ጉዳይም አልጠፋም። በወሎና በትግራይ ረሀብ ነበር። በጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውሃ ጉድጓዳቸው አምፀው መኮንኖቻቸውን አስረው ነበር። መምህራን ደግሞ ሴክተር ሪቪው ተብሎ የሚታወቀውን የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ይቃወሙ ነበር።

ይህ ጥናት የሥራ ጉዳይ መሆኑን ልብ እንበል። ከጥናቱ መነሻዎች አንዱ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች መብዛታቸው ነበር። ወላጆች ግን የተረዱት በሌላ መልኩ ነው፦ የደሃው ልጅ በአንደኛ ደረጃና በሙያ ትምህርት እንዲቀር፣ ከቢሮ ወንበር የሚያደርሰው መሰላልም እንዲነሣበት የታቀደ መሰላቸው። መምህሩም ስለ ደመወዙና ስለ ዕድገቱ ሰጋ። በዚህ ላይ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ፤ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚን ዋጋ ዝቅ እንዲል መደረጉንና ሴክተር ሪቪው ለጊዜው መቆየቱን አስታወቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ዋጋው የጨመረው በአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ የቀነሰውም በንጉሠ ነገሥቱ ቃል ነው። ሲወጣም ሲወርድም የተመረጠው ምክር ቤት ድምፅ የሰጠበት ነገር አልነበረም። የተማረው ትምህርትም ለሁሉም ግልጽ ሆነ፦ መንግሥት የሚሰማው ጎዳና ሲዘጋ ነው። ይህ ትምህርት በተሰጠ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ የካቲት 28 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የደመወዝ ወለልና ሌሎች ጥያቄዎችን አንግቦ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ።

«የያኔው ፓርላማ ጌጥ ስለ ነበር ነው» የሚል መልስ ከአዳራሹ ሊነሣ ይችላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ፓርላማው እምቢ ማለት ያውቅ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የተሰለፉበት የጭሰኛና የባለመሬት ጉዳይ፣ በረቂቅ ሕግነት ዓመታትን ቆጥሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ግብርን በሚመለከትም ምክር ቤቱ በሕግ የታወቀ ድርሻ ነበረው፤ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. የወጣው በዚያው በር አልፎ ነው። እርግጥ አዋጁ ከጸደቀ በኋላ በጎጃም መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነካ ነው ያለው ገበሬ ተነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ግብሩን በዚያ ማስከፈል ተወ።

ስለዚህ ጥያቄው ምክር ቤቱ ኃይል ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚል መሆን የለበትም። ኃይሉ የማን ነበር፣ በምንስ ላይ ይሠራ ነበር ብለን እንጠይቅ። መራጩ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ ነበር፤ ተመራጭ ለመሆን ግን በምርጫ ወረዳው ንብረት ያስፈልግ ነበር። ፓርቲ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ እንደራሴ የቆመው ለወረዳው፣ በወረዳውም ውስጥ በአብዛኛው ለባለርስቱ ነው። የመንገድ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጥያቄ በዚህ መንገድ ሊቀርብ ይችላል። በየከተማው የተበተነው ባለታክሲ፣ ተከራዩ፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት ግን ወረዳ የለውም። የእርሱን ጉዳይ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የሚያያይዝ ፓርቲ ከሌለ፣ የአካባቢ ጉዳይ የአካባቢ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ የነገሌ ውሃ በነገሌ፣ የወሎ ረሀብ በወሎ።

ሁለተኛው ገደብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሚኒስትርን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ሊወጣ በታሰበ ሕግ ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። ሚኒስትሮቹን የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ ነው። በአስተዳደር ውሳኔ የተጨመረ የቤንዚን ዋጋ ሊወጣ የታሰበ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ለንደን ላይ ሚኒስትሩን በየወሩ ወደ መልስ የሚጎትተው ማሠሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ አልነበረም። እንደራሴው ቢቆጣ እንኳ ቁጣውን የሚያሳርፍበት ድምፅ አልነበረውም።

ነገሩን እንዳላጋንን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ዘውዱን የጣለው ቤንዚን ነው አላልሁም። የሠራዊቱ ብሶት፣ ረሀቡ፣ የመሬት ጥያቄውና የንጉሠ ነገሥቱ እርጅና ሁሉ በአንድ ላይ ሠርተዋል። ቤንዚን እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ጎዳና አወጣቸው። ሁለተኛ፣ የብሪታንያን ፓርላማ አዳኝ አድርጌ አላቀርብም። በኦክቶበር 1992 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከ50 የከሰል ጉድጓዶች 31ዱ ተዘግተው 30,000 ያህል ሰው ሥራ እንደሚያጣ ሲያስታውቅ በምክር ቤት ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ከገዢው ፓርቲ አባላት እንኳ ያፈነገጡ ነበሩ። መንግሥት ጉዳዩን ዳግም አጠናለሁ ብሎ በ13 ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ጉድጓዶቹ ግን አብዛኞቹ በኋላ ተዘጉ። ክርክር እንጀራ አይሆንም። የመንደሩ ሰው ግን ማን እንደ ወሰነበት፣ በምን ምክንያት እንደ ወሰነበት፣ የእርሱ ወኪልም በየትኛው ወገን ድምፅ እንደ ሰጠ ያውቃል። በሚቀጥለው ምርጫም ይህን እውቀት ይዞ ይሄዳል። በ1966 የአዲስ አበባ ባለታክሲ ያጣው ርካሽ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ይህንን እውቀት ጭምር ነው።

የያኔው መንግሥት ራሱ ጉድለቱን ተረድቶት ነበር። የካቲት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ ተጠሪ እንዲሆን የሚያጠና ጉባኤ ጠሩ። ረቂቁ በነሐሴ ተጠናቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ፓርላማውም ተዘጋ። መድኃኒቱ ታወቀ፤ በሽተኛው ግን አልጠበቀም።

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ተናግሬ ላብቃ። የማንኛውንም ዘመን፣ የማንኛውንም አገር የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ስታነቡ የተናጋሪዎቹ አንደበተ ርቱዕነት አያታልላችሁ። ይልቅስ ሦስት ነገር ፈልጉ። የዕለት ኑሮን የሚነካው ዋጋ ወደ ምክር ቤቱ ለድምፅ ቀርቧል ወይስ በሌላ በር አልፏል? ሚኒስትሩ የመጣው ፈቅዶ ነው ወይስ ቀን ተቆርጦለት? የአንዱ ወረዳ ብሶት ከሌላው ወረዳ ብሶት ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ ወይ? እነዚህ ሦስቱ ባልተመለሱበት ቤት፣ የዋጋና የሥራ ክርክር አይጠፋም፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ጎዳና ላይ ይጠብቃል። በዚያ ደግሞ አፈ ጉባኤ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝም የለም።