ሳምቡኩ አፍንጫ ላይ የቆመው ሰው

ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ልምምድ ባደረጉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ሌሎች እንግዶች ነበሩ። የእስራኤል ተመራማሪዎች ከምጽዋ ማዶ ባሉት የዳህላክ ደሴቶች፣ እንተደቢር በምትባለው ደሴት ላይ ሰፍረው የቀይ ባሕርን ዓሣና ኮራል ይሰበስቡ ነበር። የማንዴላን የኮልፌ ቆይታ ዛሬ የሰፈሩ ሰው በኩራት ያወራዋል። የዳህላኩን ግን ከጥቂት ባለሙያዎችና ከቀድሞ የባሕር ኃይል አባላት በቀር የሚያነሳው የለም።

የሚገርመው፣ ያ ባሕር በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር በነበረበት ዘመንም ብዙ አላነሳነውም። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ጀምሮ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ፣ በዓለም ላይ ካሉት ሞቃታማ ባሕሮች ሁሉ በዓሣ ብዛቱ ስመ ጥር የሆነ የኮራል ዳርቻ ነበረን። ለደገኛው ግን ባሕር ማለት ወደብ ነው፤ መርከብ፣ ጨው፣ ቀረጥና ጦር። ዓሣም ለአብዛኛው አዲስ አበቤ የዘወትር ምግብ አልነበረም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት እንኳ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ በዚህ አያያዛችን የሚቋጭም አይመስለኝም።

ስለዚህ ዳህላክን የጻፉት፣ በፊልም የቀረጹት፣ ለመዝናኛም መንጠቆ የጣሉበት አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ብቻቸውን አልገቡም። የእነሱን ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ፊት ፊት ሲመራቸው በነበረው የደሴቱ ሰው ላይ ነው። ውሃው ውስጥ ያለውን መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስሙ ግን እምብዛም አይገኝም።

ቀዳሚዎቹ የመጡት ለሳይንስ ነው። የታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስካል ከዴንማርክ ጉዞ ጋር ቀይ ባሕርን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። ጀርመኖቹ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ተከተሉ። ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1825 ምጽዋ ላይ ሕይወቱ አለፈ፤ ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ ስለ ቀይ ባሕር ኮራል ጻፈ። ከእነሱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኤድዋርድ ሩፔል ምጽዋ ወርዶ ብዙ የዓሣ ዓይነቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ መዘገበ። የእነዚህ ሰዎች ስብስብ ከየት መጣ ቢባል፣ ከአጥማጆች ጀልባና ከዓሣ ገበያ ነው። የአገሬው አጥማጅ መረቡን ባያወጣላቸው ኖሮ በርሊንና ፍራንክፈርት በአልኮል የተነከረ የዳህላክ ዓሣ ባልደረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕንቁ መጣ። ዳህላክ ለዘመናት በዕንቁ ጠላቂዎቹ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ኮንትሮባንዲስትና ደራሲ አንሪ ደ ሞንፍሬ በእነዚህ ደሴቶች መካከል ዕንቁ ሲነግድ ኖሮ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባሳተማቸው መጻሕፍት ደሴቶቹን ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ። በዚያው ዘመን ጃፓን በእርሻ ያመረተችው ዕንቁ ገበያውን አጥለቀለቀውና የጠላቂዎቹ ሙያ ተሰበረ። ትንፋሹን ይዞ ባሕር ወለል መድረስ የሚችል፣ እያንዳንዱን የኮራል ጉብታ በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ ሥራ ፈታ። የኋላ ኋላ ባዕድ ጎብኚዎችን ወደ ኮራሉ የሚያስገባው ይኸው ዕውቀት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1953 የተካሄደው የጣሊያኖች የባሕር ውስጥ ጉዞ እዚህ ላይ ይገባል። ብሩኖ ቫይላቲ የመራው ቡድን ፎርሚካ በምትባል መርከብ ዳህላክ ገብቶ ወራት ቆየ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ራይሞንዶ ቡሸር ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ካፕሪ ላይ ያለ አየር መሣሪያ ሠላሳ ሜትር ጠልቆ ውርርድ ያሸነፈ ሰው። ካሜራውን የያዘው ፎልኮ ኩዊሊቺ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከጉዞው የተሠራው “ስድስተኛው አህጉር” የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 በቬኒስ ፌስቲቫል ቀርቦ፣ በባሕር ውስጥ በቀለም የተቀረጸ ሙሉ ርዝመት ፊልም በመሆን ከዓለም ፈር ቀዳጆች ተርታ ገባ። የባሕር ውስጥ ፊልም ሠሪዎቹ ኮስቶና ሃንስ ሃስ ከዳህላክ በስተሰሜን ካለው የዚያው ባሕር ክፍል ያተረፉትን ዝና ያህል ግን ዳህላክ አላተረፈም።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ፤ ምክንያቱም የዚህ ታሪክ ጭብጥ ያለው እዚህ ነው።

የኮራል ሪፍ ማለት ከባሕሩ ወለል ተነስቶ ውሃው ሥር የሚቆም ሕይወት ያለው አጥር ነው። የላይኛው ጫፉ አንዳንዴ ከውሃው ገጽ ሥር አንድ ክንድ ብቻ ይቀራል፤ የጀልባን ሆድ ይቀዳል። ስለዚህ በዳህላክ ውሃ የሚጓዝ ሳምቡክ የሚባለው የእንጨት ጀልባ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከኋላ መሪውን የሚይዘው ናኹዳ ነው። ሌላው አፍንጫው ላይ ቆሞ ውሃውን የሚያነብ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ ካየ ሥሩ አሸዋ ነው፤ ይታለፋል። ቡናማ ካየ ኮራል ነው፤ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ያስዞራል። ቀለሙ ድንገት ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ሪፉ አልቆ ገደል ጀምሯል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ወይም ከጀርባ ስትመታ ነው። ወደ ምሽት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ገብታ ውሃው መስተዋት ሲሆን፣ ልምድ ያለው ሰው መልሕቁን ጥሎ ያድራል እንጂ ሪፍ አያቋርጥም። ካርታ ቢኖረውም አያቋርጥም።

ዓሣውም የሚገኘው እዚያው ቀለሙ የሚለወጥበት ጠርዝ ላይ ነው። ከሳምቡኩ ሁሪ የሚባለው ትንሽ ታንኳ ይወርዳል፤ በእሱ ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። መሣሪያው እንጨት ላይ የተጠመጠመ ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ወይም እርሳስ ነው። ለመንጠቆው ማባበያ ጥቂት ሰርዲን ይበቃል። ድንጋዩ ወለል ሲነካ እጅ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ይሳብና ይጠበቃል። እንግዳው የሚሸነፈው ከዚህ በኋላ ነው። አረቦቹ ኩሻር የሚሉት አፈ ሰፊ፣ ነጠብጣብ ዓሣ ከነከሰ በኋላ አይሸሽም፤ ወደ ዋሻው ይገባና ጎኑን ነፍቶ ድንጋዩ ውስጥ ይወተፋል። ክሩ ኮራሉ ላይ ሲታሽ እንደ ፈትል ይበጠሳል። የደሴቱ መሪ ታዲያ ገና ሲነከስ ጀምሮ ይጮሃል፤ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ሜትር ያለ ማመንታት መጎተት አለብህ፣ ካመነታህ ዓሣውም መንጠቆውም የሉም። ደራክ የሚባለው ረጅሙ፣ ጥርሰ ስለታሙ ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጀልባ እየሄደ ከኋላ በሚጎተት ክር ይያዛል፤ ለዋሻ ግድ የለውም።

ወቅትም አለው። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ከጥቅምት ገደማ እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ምጽዋም ለሰው የምትመች በእነዚህ ወራት ነው። ክረምት ላይ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ያልፋል፤ የባሕሩ መጠን እንኳ ዝቅ ስለሚል ብዙ ሪፍ ወደ ውሃው ገጽ ይጠጋል። የአስመራ ጣሊያኖች በብርድ ወራት ወደ ምጽዋ መውረዳቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱም የምጽዋ ቤተ መንግሥታቸውን ለክረምት ሳይሆን ለበጋ ማረፊያ ማድረጋቸው ያለ ነገር አይደለም።

ያ ዘመን ለምጽዋ የደመቀ ዘመን ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ እዚያው ተቋቋመ። አሜሪካኖች ኦርካ ትባል የነበረችውን መርከብ በ1954 ዓ.ም. አስረክበው “ኢትዮጵያ” ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች። በባሕር ኃይል ቀን የኃያላኑ መርከቦች ወደቡ ላይ ይሰለፉ ነበር። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ወታደርም ምጽዋ ላይ የራሱ ማረፊያ ነበረው። የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ “የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ” ብለው አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ቀይ ባሕር ከላሊበላና ከጎንደር ጋር በሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ነበር። በእኔ ግምት ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ ድንጋዩና ቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ ውሃው ከኋላ።

ለገንዘብ ያጠመደው ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1954 ከዚያ ዳርቻ ወደ 25,000 ቶን ዓሣ እንደወጣ ይጠቀሳል። አብዛኛው ሰርዲንና መሰሎቹ ትናንሽ ዓሣዎች ሲሆኑ፣ ተፈጭተው ወደ ውጭ ለእንስሳት መኖ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ ያ ንግድ ወገቡ ተመታ። የኤርትራ የነፃነት ጦርነት ሲጠናከር ደግሞ ጀልባ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፤ በሌሊት ክር የሚጥል ሰው መሣሪያ አሻጋሪ ሊባል ይችላል። ጣሊያኖች በቅኝ ዘመን እስር ቤት ያደረጓት ኖክራ ደሴት በ1970ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ለሶቪየት ባሕር ኃይል ተሰጠች፤ መርከብ መጠገኛ ሆነችና አካባቢው ለጎብኚ ተዘጋ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ ከተማይቱ በውጊያውና በቦምብ ፈራረሰች። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ዳህላክም የእሷ ነው፤ ዛሬ ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው ከምጽዋ ፈቃድ ያወጣል፣ ጀልባ ይከራያል።

እዚህ የቀረነው ወደ ሐይቅ ዞርን። ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ብዙ ሳይርቁ ሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ቆረሶ እያራባ ጫጩቶቹን ለኩሬና ለግድብ ያከፋፍላል። መንጠቆ ይዞ መዝናናት የሚወድ ደግሞ አርባ ምንጭ ወርዶ ቻሞ ላይ ናይል ፐርች ይሞክራል፤ ከሰው የሚከብድ ዓሣ የወጣበት ሐይቅ ነው። ኮራል የለውም፣ አዞና ጉማሬ ግን አለው። ስለዚህ ከጀልባው ኋላ የተቀመጠው የአርባ ምንጭ ልጅ ዓሣውን ከመፈለጉ በፊት ጉማሬው የት እንደጠለቀ ያያል፤ እስኪወጣም ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል።