ከአንቀልባ እስከ ባለ ዘለበቱ ማዘያ

በዚህ ከተማ ልጅ የወለደ ጓደኛ ሁሉ ዳይፐር ከመረጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ «ምን ዓይነት ማዘያ ልግዛ?» ባለ ዘለበቱ አለ፣ በቀለበት የሚጠበቀው ጨርቅ አለ፣ ደረት ላይ እንደ ኪስ የሚንጠለጠለውም አለ። ሻጩ ሁሉንም «ዘመናዊ ነው» ይላል። አያት ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይታዘባሉ፤ «ምነው፣ አንቀልባ ምን አደረጋችሁ?» እንስቃለን። እኛ ግን አያት እውነት አላቸው ባዮች ነን። የባለ ዘለበቱ ማዘያ ዘር ቢቆጠር አንዱ ሐረጉ አፍሪካዊት እናት ጀርባ ላይ ያደርሳል። ይህን ታሪክ ያወቀ ወላጅ ደግሞ ገበያ ላይ በቀላሉ አይሸወድም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንጅ ልጁን ከላዩ ሲያወርድ

በ1733 ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች አንዲት ትንሽ ጋሪ ሠራ። ጋሪዋን የምትጎትተው እንስሳ ነበረች። የመኳንንት መጫወቻ የነበረው ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ወደሚገፋው የሕፃን ጋሪ ተለወጠና በየመናፈሻው የኑሮ ደረጃ ማሳያ ሆነ። ልጅን በጨርቅ አስሮ መሸከም የድኻ ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ።

የዕውቀት ሰዎችም አገዙ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ዋትሰን በ1928 ባሳተመው የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ወላጆች ልጃቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ መክሯል። አዎ፣ እንዳይስሙ! ልጅ በታቀፈ ቁጥር ይሞላቀቃል የሚለው ሐሳብ ብዙ ዓመት ገዝቷል። (እኛም ሰፈር «እጅ አታስለምዱት» የሚሉ አሉ፤ ዋትሰንን ግን አንብበው አይመስለንም።)

ቶጎ ደርሳ የተመለሰችው ነርስ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ነርስ በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኝነት ወደ ቶጎ ሄደች። እዚያ ያሉ እናቶች ልጃቸውን በጨርቅ ጀርባቸው ላይ አስረው ገበያም እርሻም ይሄዳሉ፤ ሕፃናቱም የተረጋጉ ናቸው። አገሯ ተመልሳ ሴት ልጅ ስትወልድ እሷም እንደ ቶጎ እናቶች በጨርቅ ልታዝላት ሞከረች። ልጅቷ እየተንሸራተተች አስቸገረች። አስተሳሰር ከልጅነት የሚለመድ ሙያ ነዋ! አን ያየችውን ለእናቷ ለሉሲ ኦከርማን አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ማንገቻ ያለው ከረጢት ሰፉላት። መንገድ ላይ ያየ ሁሉ «ከየት ገዛሽው?» ይላት ጀመር። በ1969 «ስናግሊ» በሚል ስም የሚታወቀው ማዘያ የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ብቻዋንም አልነበረችም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንታ የወለደችው ጀርመናዊት ኤሪካ ሆፍማን የሜክሲኮ ሴቶች የሚያዝሉበትን ረጅም ጨርቅ አስታውሳ ልጆቿን ተሸከመችበት፤ ኋላም «ዲዲሞስ» የተባለውን ድርጅት መሠረተች። የስዊድኑ «ቤቢ ቢዮርን» ማዘያም በ1970ዎቹ ገበያ ላይ ዋለ።

ሳይንሱ ዘግይቶ ደረሰ። በ1986 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሁንዚከርና ባር፣ በካናዳ ባደረጉት ጥናት ከወትሮው በላይ በቀን ለተጨማሪ ሰዓታት የታቀፉ ጤነኛ ሕፃናት በስድስተኛ ሳምንታቸው የሚያለቅሱትና የሚነጫነጩት ካልታቀፉት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት።

«ሰረቁን» ብለን ልንጮህ አይደለም፤ አን ሙር ሐሳቡን ያገኘችው ከቶጎ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። የሚቆጨን ሌላ ነው። ዛጎልና ጨሌ የተደረደረበት፣ በለፋ ቆዳ የተሠራ፣ በጠፍር ደረት ላይ የሚታሰር አንቀልባ እያለን፣ እኛ ከተሜዎች የገጠር ዕቃ አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ከዚያ ተመሳሳዩን ሐሳብ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ «ዘመናዊ» ብለን ገዛነው።

ታሪኩ ገበያ ላይ ሲጠቅም

የመጀመሪያው ትምህርት እግር ነው። የታዘለ ልጅ እንቁራሪት ይመስላል፤ ጭኖቹ ተከፍተው ጉልበቱ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይላል። ለዳሌ መጋጠሚያ የሚስማማው አቀማመጥ ይኸው ነው። ጃፓኖች የሕፃን እግር ቀጥ አድርጎ መጠቅለልን ለማስቀረት በ1970ዎቹ አጋማሽ ዘመቻ ሲያደርጉ፣ ከዳሌው የሚወልቅ ሕፃን ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ልጅ ማዘል ልማድ በሆነባት ማላዊ ደግሞ አንድ የአጥንት ሕክምና ማዕከል በአሥር ዓመት ካያቸው ከ40 ሺህ በላይ ልጆች መካከል በዚህ ችግር የመጣ እንዳልነበረ በ2015 የታተመ ጥናት ገልጿል። ስለዚህ ማዘያ ስትመርጡ ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ይደግፍ እንደሆነ እዩ። ብብቱን ይዞ እግሩን እንደ ተሰቀለ ሱሪ የሚያንጠለጥለውን ተዉት።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። በ2010 የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን፣ በ20 ዓመት ውስጥ በትከሻ ከሚንጠለጠሉ ጨርቅ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ 14 የሕፃናት ሞቶች እንዳሉ አስታወቀ። አብዛኞቹ ሟቾች አራት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ትንሽ ሕፃን ከረጢት ውስጥ ተጣጥፎ አገጩ ደረቱ ላይ ሲደፋ፣ ወይም አፍንጫው በጨርቅ ሲሸፈን፣ ድምፅ ሳያሰማ ይታፈናል። እዚህ ላይ ለአንቀልባም አናዳላም። ጀርባ ላይ አዝሎ፣ ራሱን በጋቢ ሸፍኖ፣ ፊቱን ሳያዩ መዋል ያው አደጋ ነው። አንገቱን በቅጡ እስኪያጸና ድረስ ደረታችሁ ላይ፣ ፊቱ ወደ እናንተ ሆኖ፣ ጎንበስ ብላችሁ ግንባሩን ልትስሙት በምትችሉበት ከፍታ ያዙት። ዋትሰን ቢቃወምም።

ሦስተኛው የተሸካሚው ወገብ ነው። የአን ሙር እናት ለከረጢቱ ማንገቻ ሰፍተውለት ነበር። ዛሬም ሰፋ ያለ የትከሻ ማንገቻና ዳሌ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ቀበቶ ያለው ይሻላል፤ ሸክሙ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ሳትገዙ በፊት ልጁን ይዛችሁ ሞክሩት፤ ሃያ ደቂቃ ቆማችሁበት ወገባችሁ ካማረረ ዋጋው ምንም ቢሆን አይሆናችሁም። ያገለገለ ከሆነ ስፌቱንና ዘለበቱን ጎትታችሁ ፈትሹ።

ማን ይዘል?

ከታሪኩ ሁሉ ሳይነገር የሚታለፈው የተሸካሚዋ ነገር ነው። በእኛ አገር ማዘል የእናት ብቻ ሳይሆን የታላቅ እህትና የሞግዚት ሥራም ሆኖ ኖሯል። ብዙ ልጃገረድ ራሷ ልጅ ሆና ልጅ አዝላ አድጋለች። አባት ቢሸከም በእሽኮኮ ነው፤ እሱም ለጨዋታ። አንቀልባ ዘመኑን ሙሉ ከሴት ጀርባ አልወረደም።

አዲሱ ማዘያ በእርግጥ አዲስ ነገር ካመጣ ይህ ይመስለናል፤ ማንገቻው ይጠብቃል፣ ይላላል። ጠዋት ለእናት ልክ የሆነው ማታ ለአባት ልክ ይሆናል። እንግዲህ ሱቅ ስትሄዱ ሁለታችሁም ሂዱና ሁለታችሁም ለኩት። «እኔ ጀርባዬን ያመኛል» የሚል አባት ካለ፣ ቀበቶው ዳሌ ላይ እንደሚያርፍ ንገሩት።