የሕፃናት የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን፦ መከላከያውና የቤት ውስጥ እንክብካቤው

የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሲመረቅዝ የሚከሰት ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ይቀድመዋል። ብዙዎቹ ሕፃናት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል። ከሕመሙ ይልቅ ጉዳት ሲያደርሱ የማያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ጆሮ ውስጥ መግባት የሌለበትን ነገር መጨመር፣ ሁለተኛው ደግሞ ጆሮው ለሳምንታት እየመገለ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ።

ለምን ሕፃናትን ያጠቃል?

የመሃል ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ቱቦው አየር ያስገባል፣ ፈሳሽ ያስወጣል። በትልቅ ሰው ላይ ረዘም ያለና ወደ ታች ያዘነበለ ስለሆነ ፈሳሹ በቀላሉ ይወርዳል። በሕፃን ላይ ግን አጭርና ወደ አግድም የቀረበ ነው። ሕፃኑ ጉንፋን ሲይዘው ቱቦው አብጦ ይደፈናል፣ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ በአፍንጫና በጉሮሮ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም እዚያው ይራባሉ።

ስለዚህ «ብርድ በጆሮው ገብቶበት ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ኮፍያ ማድረግ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ችግሩ የሚመጣው በአፍንጫ በኩል ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውም ጉንፋኑ እንጂ የጆሮው ሕመም አይደለም።

አፍ ያልፈታ ልጅ ጆሮው እንዳመመው በምን ይታወቃል?

ጉንፋን ከጀመረው ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ ትኩሳት ይመጣል፤ ወይም ቀንሶ የነበረው ይመለሳል። ሌሊት ከወትሮው የተለየ ለቅሶ ያለቅሳል፤ ሲያስተኙት ይብስበታል፤ ሲያቅፉት ትንሽ ይሻለዋል። ርቦት ጡት ይይዝና ወዲያው ለቅቆ ይጮኻል፤ ሲጠባና ሲውጥ በመሃል ጆሮው ያለው ግፊት ስለሚቀያየር ያመዋል። አንዳንዶቹ ያስመልሳሉ ወይም ያስቀምጣቸዋል።

ጆሮውን መጎተቱ ብቻውን ምልክት አይደለም። ሕፃናት ጆሯቸውን ሲያገኙት ይጫወቱበታል፤ እንቅልፍ ሲመጣባቸውም ያሻሹታል። ትኩሳት በሌለበት፣ እየጠባና እየሳቀ ጆሮውን ለሚነካ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው» የሚለው አባባል ግን ብዙ ያዘናጋል። ጥርስ ማውጣት ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል፤ ከፍተኛ ትኩሳት አያመጣም። በአንዳንድ አካባቢዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ትኩሳት የሕፃኑን ድድ ማስቦርቦር ወይም እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አልቀረም። ሁለቱም ለጆሮ የሚሰጡት ጥቅም የለም፤ ለደም መፍሰስና ለከባድ ኢንፌክሽን ግን ያጋልጣሉ።

ሌላው ወላጆችን የሚያስደነግጠው ነገር ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ድንገት ዝም ብሎ ተኝቶ፣ ጠዋት ትራሱ ላይ መግል ወይም ደም የቀላቀለ እዥ መገኘቱ ነው። ይህ ማለት ታምቡሩ በግፊት ተቀዷል፣ ፈሳሹ ወጥቷል፣ ሕመሙም ቀሏል ማለት ነው። እንዲህ የተቀደደ ታምቡር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይገጥማል። ያም ሆኖ ልጁ መታየት አለበት። ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ ወፈር ያለ ኩክ ግን መግል አይደለም፤ አይጨነቁበት፣ አይጎርጉሩትም።

የመጀመሪያው ሌሊት

ቀዳሚው ሥራ ሕመሙን ማስታገስ ነው። አንቲባዮቲክ ቢታዘዝለት እንኳ በመጀመሪያው ቀን ሕመሙን አያቆመውም፤ ልጁን የሚያስተኛው ፓራሲታሞል ነው። መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይወስዳል ማለት ነው። በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እዚህ ላይ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ። ለሕፃናት በጠብታ መልክ የሚሸጠው ፓራሲታሞል ከሽሮፑ በጣም ሊወፍር ይችላል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መስጠት አደገኛ ነው። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይስጡ።

ኢቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም። አስፕሪን ጭራሽ ለሕፃን አይሆንም።

ዕድሜው ከ3 ወር በታች ከሆነና ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ሰውነቱ ሲነካ መጋሉ በቂ ምልክት ነው።

ከዚህ ሌላ ጡት ቶሎ ቶሎ ይስጡት፣ ትንሽ ትንሽ ቢሆንም። ቀና አድርገው ይቀፉት።

ጆሮ ውስጥ ምን ይጨመር?

ምንም። የሞቀ ዘይት፣ ቅቤ፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይት፣ የእናት ጡት ወተትም ቢሆን። የጡት ወተት ለሕፃኑ ሆድ የሚተካከለው የለም፤ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ የጨመሩት ነገር በቀጥታ ወደ መሃል ጆሮ ይዘልቃል። ይህን የሚመክሩት አብዛኛውን ጊዜ አያቶች ናቸው፤ የሚመክሩትም ልጁን ስለሚወዱ ነው። መከራከር ካስቸገረዎ «ሐኪም እስኪያየው ምንም እንዳይገባበት ተብለናል» ብለው በእኔ ቢያሳብቡ ደስ ይለኛል።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ የሚገዛ ጠብታም ከዚሁ ይቆጠራል። እንደ ጀንታማይሲን ያሉ በአንዳንድ ጠብታዎች ውስጥ የሚገኙ መድኃኒቶች ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ ውስጥ ሲገቡ የመስማት ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ። ታምቡሩ መቀደዱ የሚታወቀው ደግሞ በመብራት ጆሮ ውስጥ ሲታይ ነው። የጥጥ እንጨት፣ ክብሪትና የፀጉር ሽቦም ከሕፃን ጆሮ ይራቁ።

አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል?

እዚህ ላይ መልሱ ያለዎት ቦታ ላይም ይወሰናል፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በስልክ የሚሰጡት ምክር ከጤና ጣቢያው የሚለየውም ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች በሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ መሠረት፣ የጆሮ ሕመም ያለው ወይም ጆሮው መመገል ከጀመረ 14 ቀን ያልሞላው ልጅ አሞክሳሲሊን ለ5 ቀን ይታዘዝለታል፤ በ5ኛው ቀንም ተመልሶ ይታያል። በአሜሪካ ደግሞ ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ለሆነ፣ አንድ ጆሮው ብቻ ለታመመና ሕመሙ ለቀለለ ልጅ ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቅ ሊል ይችላል። ይህ ቸልታ አይደለም፤ ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ይሻላቸዋል። ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ከ2 ዓመት በታች ሆኖ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከታመሙ፣ ጆሮው ከመገለ፣ ወይም ሕመሙ ከባድ ሆኖ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ከደረሰ ግን መጠበቅ የለም። ተመልሶ ለመታየት መንገዱ ሩቅ በሆነበት ቦታ ወዲያው መጀመሩ ትክክል ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ከታዘዘ ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢጫወትም የታዘዘለትን ቀን ይጨርስ። የሚሟሟው እንክብል ከሆነ በንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የጡት ወተት በትንሽ ስኒ አሟሙተው ይስጡት። ከታላቅ ወንድሙ የተረፈ ሽሮፕ አይስጡት። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላዩ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይመለሱ።

የሚመግል ጆሮን ማድረቅ

ይህ ቀላል ቢመስልም በሚመግል ጆሮ ላይ ከመድኃኒቱ እኩል ይሠራል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ንጹሕ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ስስ የጥጥ ጨርቅ ወይም ሲርስ የማይበጣጠስ ለስላሳ ወረቀት እንደ ጧፍ ክር ይጠቅልሉ። ልጁን ሌላ ሰው አቅፎ ጭንቅላቱን ይያዝልዎ። የተጠቀለለውን ጫፍ ሳይገፉ በጆሮው ቀዳዳ ውስጥ ያድርጉ፤ ሲርስ ያውጡትና ይጣሉት፤ አዲስ ያድርጉ። ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋግሙት። በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ይደረጋል። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ ማስገባት ከዚህ ጋር አይምታታ፤ እሱ ይወጋል። ሲጨርሱ ጆሮውን በጥጥ ወትፈው አይተዉት፤ ሲያጥቡትም ውኃ እንዳይገባበት ይጠንቀቁ።

ከ14 ቀን በላይ ሲመግል

ከዚህ ጊዜ ካለፈ ሕመሙ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ሕክምናውም ይለወጣል። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ መግዛት ብዙም አይረዳም። የሚሠራው ማድረቁና በሐኪም የታዘዘ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ልጁ ስለማያለቅስና ስለማያተኩሰው ቤተሰብ ይለምደዋል፤ ሽታው ብቻ ያሳፍራል። ውስጥ ለውስጥ ግን ታምቡሩና ከጀርባው ያሉት ጥቃቅን አጥንቶች ይጎዳሉ፣ መስማት ይቀንሳል። በደንብ የማይሰማ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «ሰነፍ» ወይም «አልታዘዝ ባይ» ይባላል።

መግል ባይኖርም ከኢንፌክሽኑ በኋላ ፈሳሽ ከታምቡሩ ጀርባ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በአብዛኛው በ3 ወር ውስጥ ይጠፋል። በር ሲላተም የማይደነግጥ፣ 9 ወር ሞልቶት በስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ወይም ያወጣቸው የነበሩ ድምፆች የቀነሱበት ልጅ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። ጆሮው ለረጅም ጊዜ ለሚመግል ልጅ ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ ቢጠይቅ አይደንግጡ፤ የተለመደ አሠራር ነው።

ሳይውሉ ሳያድሩ የሚኬድባቸው ምልክቶች

ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ ሲነካ ካመመው ወይም ጆሮው ወደ ውጭ ከተገፋ፣ አንገቱ ከገተረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ እንደ ወትሮው ካልነቃ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሌሊት ቢሆንም።

መከላከያው

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ መስጠት ቁጥር አንዱ ነው። ጡጦ የሚጠቀሙ ከሆነ ልጁን ከወገቡ ቀና አድርገው ይያዙት፤ በጀርባው አስተኝቶ ጡጦውን በትራስ አስደግፎ መተው ወተቱን ወደ ጆሮ ቱቦው ይመራዋል። ለማባበያ የሚሰጠውን ባዶ የጎማ ጡት ከ6 ወር በኋላ ይቀንሱ።

ክትባቱን አያሳልፉ። ለጆሮ ኢንፌክሽን ዋና መነሻ ከሆኑት አንዱ የሆነውን የኒሞኮከስ ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት። በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም ለጆሮ ይጠቅማል፤ ኩፍኝ ይዞት ጆሮው የመገለ ልጅ ብዙ ነው።

ጭስ የአፍንጫንና የቱቦውን ሽፋን ያሳብጣል። ሕፃኑን አዝለው ወይም አጠገብዎ አስተኝተው በእንጨት አያብስሉ፤ ከሰል የሚጤስበትና እጣን የሚጨስበት ክፍልም ለእሱ አይሆንም። አራስ ቤትም ቢሆን። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በረንዳ ላይ አጭሶ ቢገባ እንኳ ልብሱ ላይ ይዞት ይገባል። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ደግሞ ሕፃኑን ከመሳም ይቆጠብ፤ ቅር ቢለው ያልፋል።

በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ

አውሮፕላኑ ሲነሳና በተለይ ለማረፍ መውረድ ሲጀምር ልጁን ቀስቅሰው ጡት ወይም ጡጦ ይስጡት፤ መዋጡ ቱቦውን ይከፍተዋል። ጆሮው በዚያ ሳምንት የታመመ ከሆነ ከጉዞው በፊት ያስመርምሩት።