ተነቃዩ የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ

በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ያረጀውን ግራፊክስ ካርድ ነቅሎ አዲስ መሰካት ከተራ ጥገና የሚቆጠር ነው። በጨዋታ ላፕቶፕ ግን ሥዕሉን የሚያሰናዳው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ፣ ባለቤቱ መላውን ዕቃ ለመለወጥ ይገደዳል።

ይህን ችግር ለማቃለል ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤምኤክስኤም የተባለውን ተነቃይ ካርድ አስተዋወቀ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ደንቡ የመሰኪያውንና የካርዱን ልክ ሲወስን፣ የሙቀት ማስወገጃውንና የባዮሱን ነገር በአመዛኙ ለየአምራቹ ፈቃድ ተወው። ስለዚህም በልኩ የገባ ካርድ ማሽኑ ሳያውቀው፣ ወይም ማቀዝቀዣው ሳይገጥምለት ይቀር ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቼ እንደሚያውቁት፣ ሶኬት ስለገጠመ ብቻ ሥራ ተፈጸመ አይባልም።

ዴል በ2019 ኤሊየንዌር ኤሪያ-51ኤምን ካርዱ የሚለወጥ ነው ብሎ ለገበያ አቀረበ። የካርዱ ቅርጽ ግን የዴል የራሱ ነበር። በ2020 የወጡት የአርቲኤክስ ሱፐር ካርዶች ለመጀመሪያው ሞዴል ማሻሻያ ሆነው ባለመቅረባቸው፣ በ2021 በካሊፎርኒያ ክስ ተመሠረተበት።

ፍሬምወርክ በ2024 ለገዢዎች ማድረስ በጀመረው ባለ 16 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ሬዲዮን አርኤክስ 7700ኤስን በተነቃይ ሞጁል አቀረበ፤ በ2025 ደግሞ ለዚያው ላፕቶፕ የሚሆን የአርቲኤክስ 5070 ሞጁል ይፋ አደረገ። በእኔ ግምት ዋናው ብልሃት ሞጁሉ የራሱን ማራገቢያና ሙቀት ማስወገጃ ይዞ መምጣቱ ነው።